የፊት ፍሬን ይገለብጣል? ለሞተረኞች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ለዚህ ዕትም የደረሱን ጥያቄዎች ከሁለት ዓይነት ሞተረኞች የመጡ ናቸው። አንዱ ከንጋት እስከ ማታ ከሞተር የማይወርድ ነው፤ ሌላው ለመስክ ሥራ በወር ጥቂት ቀን ብቻ የሚነሣ። የሚገጥማቸው ችግር ግን ከምንገምተው በላይ ስለሚመሳሰል ጎን ለጎን አትመነዋል።

ጥያቄ፦ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ። ወደ ቀበሌ የምወጣው በወር ሦስት አራት ጊዜ ነው። ሞተር ያስተማረኝ የሥራ ጓደኛዬ «የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» ስላለኝ እስከ ዛሬ የምይዘው የእግሩን ብቻ ነው። ባለፈው ሰሞን አህያ ድንገት መንገድ ገብታ ፍሬን ስረግጥ የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ጣለኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ የጣለዎት ያ ምክር ነው። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ትንሽ ፍሬን ካገኘ መሽከርከሩን አቁሞ ይንሸራተታል፤ ጭራውም ወደ ጎን ይሸሻል። በደረቅ አስፋልት ላይ ሞተሩን ከሚያቆመው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ የሚገኘው ከፊት ጎማ ነው። የእግሩን ብቻ የሚረግጥ ሰው ትልቁን ፍሬኑን ሳይነካው ነው የሚነዳው።

ስሕተቱ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሃሪ ኸርት ጥናት በሎስ አንጀለስና አካባቢው የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። ብዙዎቹ ሞተረኞች ከግጭቱ በፊት የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ያንሸራተቱ፣ የፊቱን ግን በበቂ ያልያዙ ሆነው ተገኙ። አደጋው እንደሚመጣ ከታየበት ቅጽበት እስከ ግጭቱ ያለው ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው 2 ሰከንድ አይሞላም ነበር። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰው አስቦ አይወስንም፤ እጁና እግሩ የለመዱትን ያደርጋሉ። የእርስዎም እግር የለመደውን አደረገ። ስለዚህ መፍትሔው ምክር መስማት ሳይሆን እጅን ማስለመድ ነው።

«ይገለብጣል» የሚባለው ከባዶ እንዳልመጣ እናውቃለን። የፊት ፍሬን ሰው የሚጥለው ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ በአንድ ጊዜ ጥርቅም አድርገው ሲይዙት፣ መሪው ዞሮ ወይም ሞተሩ አጋድሎ ሳለ ሲይዙት፣ አለዚያም የፊቱ ጎማ አሸዋ፣ ልቅ ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ ሳለ አጥብቀው ሲይዙት ነው። ከእነዚህ ውጭ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ፣ የፊቱ ፍሬን ከሁሉ የተሻለ ወዳጅዎ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ሞተሩን ቀጥ ያድርጉ። የፊቱን ፍሬን መጀመሪያ ሸራው እስኪነካ ብቻ በለስላሳው ይሳቡ። የፊቱ ሞላ ሲወርድና ክብደቱ ወደ መዳፍዎ ሲመጣ ይሰማዎታል፤ ከዚያ በኋላ እየጨመሩ ይጭመቁ። የታጠበ ልብስ የሚጨምቅ እጅ ልክ እንዲሁ ነው፤ ይጠብቃል እንጂ አይመታም። የእግሩን አብረው ይርገጡ፣ ግን በለስላሳው፤ ሞተሩ ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ እግርዎን ያላሉ። ፍሪሲዮኑን ሊቆሙ ሲቃረቡ ይያዙና ወደ አንደኛ ማርሽ ይመልሱ። ዓይንዎ ሩቅ ይይ፤ የፊት ጎማውን እያዩ የሚቆም ሰው ሚዛኑን ያጣል።

የፊቱ ጎማ ቢቆለፍ ወዲያው ለቀቅ አድርገው እንደገና በለስላሳው ይያዙ። የኋላው ቢቆለፍና ሞተሩ ገና ቀጥ ካለ እግርዎን ያላሉ። ጭራው ብዙ ከተጣመመ ግን በድንገት አይልቀቁት። የተጣመመ ጎማ በድንገት መሬት ሲይዝ ሞተሩ ቀጥ ለማለት ይፈናጠራል፤ ነጂውንም በሌላው ጎን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። እስኪቆሙ ረግጠው መያዝ ይሻላል።

ለልምምድ ሰውና መኪና የማያልፍበት 60 ሜትር ያህል ደልዳላ፣ ደረቅ አስፋልት ይበቃል። ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ። ፍሬን የሚጀምሩበትን ቦታ በመንገዱ ዳር በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ አሥር ጊዜ ይቁሙ፣ ከዚያ በ30 አሥር ጊዜ፣ ከዚያ በ40። የቆሙበትን በእርምጃ ይለኩ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ 10 ሜትር አካባቢ ላይ መቆም ጥሩ ውጤት ነው፤ ታምቡር ፍሬን (ሸራው በጎማው መካከል ተሸፍኖ የሚይዝ) ያለው ሞተር ትንሽ ይረዝማል። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ በተለይም ብዙ ቀን ሳይነዱ ቆይተው ወደ መስክ ከመውጣትዎ በፊት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይድገሙት።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ ደርበው ቢያዩት ደግሞ ጥሩ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አይተው እጅዎ ፍሬኑን እስኪይዝ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ 11 ሜትር ይሄዳሉ፤ ማቆሚያው ሲደመር 21 ሜትር ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ 17 ሜትር ሄደው ገና ፍሬን ይጀምራሉ፤ ጠቅላላው 40 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስለ አህያዋ አንድ ነገር እንጨምር። ከብት ሲያዩ ክላክስ ከሩቅ ይንፉ፤ ቅርብ ላይ የተነፋ ክላክስ ያስበረግጋል። መንገድ የጀመረ እንስሳ ወደ ኋላ እምብዛም አይመለስምና በጭራው በኩል ይለፉ። ላም ተሻግራ ጥጃዋ ወዲያ ማዶ ከቀረች ግን ይቁሙ፤ ጥጃዋ እናቷን መከተሏ አይቀርም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዕቃ በማድረስ እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ነድቻለሁ። አሠሪዬ የሞተር ሥልጠና ካልገባህ ይለኛል። ለእኔ ምን ይጨምርልኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዘጠኝ ዓመት የሚያስተምረው ነገር አለ፤ መንገድን ማንበብ፣ የሰውን አካሄድ መገመት፣ ትዕግሥት። የማያስተምረውም አለ። ባለፈው ወር ሞተርዎን ጎማው እስከሚችለው ድረስ አጥብቀው ያቆሙት ስንት ጊዜ ነው? ምናልባት አንድም ጊዜ የለም፤ ጥንቁቅ ሰው በተለመደ ቀን ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ በየቀኑ የሚነዳውም በወር ሦስት ጊዜ የሚነዳውም በዚያች ቅጽበት እኩል ያልተለማመዱ ሆነው ይገኛሉ። ከላይ በጠቀስነው ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶዎቹ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ የነዱ ሰዎች ሳሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ በደረሰባቸው በዚያኛው ሞተር ላይ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ከቦክሰር ሞተር ወርደው ዲስክ ፍሬን (ከውጭ የሚታይ ክብ ብረት ጨምቆ የሚይዝ) ያለው አፓቼ ሞተር ላይ ሲወጡ እጅዎ የሚያውቀው የቦክሰሩን ታምቡር ነው፤ ዲስኩ ባነሰ ጉልበት ይነክሳል። ሞተር በቀየሩ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን ለፍሬን ልምምድ ይስጡት።

ሥልጠናው ተቀምጦ የትራፊክ ምልክት መቁጠር ብቻ ከሆነ ቅር መሰኘትዎ ይገባል። ገንዘብና ጊዜ የሚገባው ሥልጠና የድንገት ማቆምን፣ ከፊት የመጣን ነገር ሸሽቶ ማለፍን፣ ኩርባንና በዝግታ መዞርን ሞተር ላይ አውጥቶ የሚያሠራ ነው። በዝግታ መዞሩን ብቻ ራስዎ ዛሬ ሊሞክሩት ይችላሉ። 6 ሜትር ስፋት ላይ እግር ሳያወርዱ ዞረው ይመለሱ። ፍሪሲዮኑን በሚይዝበትና በሚለቅበት መካከል ያቆዩት፣ ነዳጁን ሳይቀያይሩ በትንሹ ይስጡ፣ የኋላውን ፍሬን በለስላሳው ይርገጡ፣ የፊቱን አይንኩ፤ አገጭዎን ወደሚወጡበት አቅጣጫ ያዙሩ። ብዙ ዓመት የነዱ ሰዎች እዚህ ላይ እግራቸውን ሲያወርዱ አይተናል፤ ምክንያቱም ሁሌም መሬት መሬቱን ስለሚያዩ ነው።

ሸሽቶ ለማለፍ ፍሬንና መሪን አይደባልቁ። ወይ ቀንሰው ለቀው ይሸሹ፣ ወይ ሸሽተው ቀጥ ሲሉ ይቁሙ። አጋድሎ ፍሬን የያዘ ጎማ ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ አይችልም።

ለከተማው ደግሞ ጥቂት ነጥብ። ታክሲን በቀኝ በኩል አይለፉ፤ ተሳፋሪ ለማንሣት የሚጠጋው ወደ ቀኝ ነው፣ በሩም የሚከፈተው በዚያ ነው። ከፊት ለፊትዎ መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ዋናው ጠላት ነው። በኸርት ጥናት ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መኪናው ቅድሚያ ከልክሎ የፈጠራቸው ናቸው። የሾፌሩን ዓይን አይመኑ፤ ወደ እርስዎ እያየ ላያይዎት ይችላል። የመኪናውን የፊት ጎማ ይዩ፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚዞረው እሱ ነው። ባጃጅ ያለ ፍሬቻ በአንድ ቦታ ላይ ሊዞር ስለሚችል አጠገቡ አይቆዩ፤ ወይ ይለፉት ወይ ይቅደም። ቀንም ቢሆን የፊት መብራትዎ ይብራ። ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብለው ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ በጣም ተጠግተዋል፤ በዝናብ ደግሞ አራት ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይ በረሃን አቋርጣለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባው ወደ ውጭ ይገፋኛል፣ ፍሬኑም ታች ስደርስ ይላላል። ለምን? (ከደጀን)

መልስ፦ የፍሬኑ መላላት ከሙቀት ነው። ከ1000 ሜትር በላይ በሚወርድ መንገድ ላይ ፍሬን ሲጎትቱ የቆዩ እንደሆነ ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ይንሸራተታል። ሽቅብ የሚወጡበትን ማርሽ ለቁልቁለቱም ይጠቀሙበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። ሞተሩ ራሱ ይይዝዎታል፤ ፍሬን በአጭሩ ያዝ፣ ከዚያ ለቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ እዚያ ቦታ ላይ የሞት መንገድ ነው።

ኩርባው የሚገፋዎት ውስጡ ከገቡ በኋላ ስለሚቀንሱ ነው። ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ከዚያ ኩርባው እስከሚታይበት ጫፍ ድረስ ይመልከቱ። ገደሉን ወይም የሚመጣውን ከባድ መኪና ካዩ ወደዚያው ይሄዳሉ፤ ሞተር ዓይንን ይከተላል። ለማጋደል ደግሞ የመሪውን የውስጥ እጀታ ወደ ፊት ይግፉ፦ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን። የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሞተር የሚታጠፈው በዚህ ነው። እየነዱ ሳያውቁት የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ አውቀው ሲያደርጉት ግን ኩርባው ሲጠብ ተጨማሪ ግፊት መስጠት ይችላሉ። በግራ ኩርባ ላይ ወደ መሐል መስመሩ አይጠጉ፤ ሞተሩ መስመርዎ ውስጥ ቢሆንም ጭንቅላትዎ አጋድሎ ማዶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን በዝናብ ጊዜ ለምን ይጥላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጎማ ሲመላለስበት ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ በመካከሉ የሚቀመጠው ጭቃና ዘይት ሲረጥብ ደግሞ ሳሙና ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ አቧራውና ዘይቱ ገና አልታጠበም። ከፍ ባለ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይቀያየር፣ ቀጥ ብለው ይለፉ። የመንገድ ቀለም፣ የብረት ክዳንና ከማደያ አጠገብ ባለ አደባባይ ላይ የሚፈስ ናፍታም እንዲሁ ናቸው። ውሃ ከተሻገሩ በኋላ ታምቡር ፍሬን ስለሚረጥብ ጥቂት ሜትር በለስላሳው ይዘው እየነዱ ያድርቁት።

ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ መሪውን ጨምድደው ከያዙት ይወድቃሉ። የፊቱ ጎማ ጠጠር ላይ ትንሽ መዋኘቱ ተፈጥሮው ነው፤ እጅዎን ያላሉ፣ ጉልበትዎን ታንኩ ላይ ያጥብቁ፣ ኮረኮንቹ ሲበዛ እግር መርገጫው ላይ ቆም ይበሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ወደ ገበያ ይዤ እሄዳለሁ። ጎን ለጎን መቀመጥ ትወዳለች፣ ነጠላም ትለብሳለች። አደጋ አለው? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ አለው፤ ሁለቱም። የነጠላ ጫፍ የኋላውን ጎማ ወይም ካቴናውን ካገኘ በአንድ ዙር ይጠቀለላል፤ ለባሿን ወደ ኋላ ይስባል ወይም ጎማውን ይቆልፋል። ነጠላው፣ ሻሹም ሆነ የሕፃን ማዘያው ከመነሣት በፊት ተሰብስቦ ከጃኬት ሥር ይግባ። ጎን ለጎን መቀመጥ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ይወስዳል፤ የምትይዘውም የለም። አንድ እግር በዚህ፣ አንድ እግር በዚያ አድርጋ ትቀመጥ፤ ሁለቱም እግሮቿ መርገጫው ላይ ይሁኑ፣ እጆቿ ወገብዎን ወይም የኋላውን ብረት ይያዙ። በግራ በኩል ትውጣ፣ በግራ ትውረድ፤ ማርሚታው በቀኝ ነውና ባት ያቃጥላል። ለእርሷም ሄልሜት ያስፈልጋል፤ የሚወድቀው ሞተር ሁለታችሁንም ነው የሚጥለው።

ሁለት ሰው ሲሆኑ የኋላ ጎማ ላይ አየር ይጨምሩ፤ የማቆሚያ ርቀትም ይረዝማል። ጭነት ካለ ዝቅ ብሎና ወደ ፊት ተጠግቶ ይታሰር፤ ከኋላ ተንጠልጥሎ የታሰረ ኩንታል የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፣ መሪውም ይወዛወዛል።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያው ሞተር ሁለት ወር ቆሞ ነበር። ነገ ልነሣበት ነው። ምን ልይ? (ከጅማ ዞን)

መልስ፦ ዛሬ ማታ ይዩት፤ ጠዋት ይቸኩላሉ። ከጎማው ይጀምሩ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ለሆኑ ብዙ የሕንድ ሞተሮች የሚሰጠው ልክ ፊት 25፣ ኋላ ለአንድ ሰው 28፣ ለሁለት ሰው 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፤ በመመሪያ መጽሐፉ ወይም በሞተሩ ላይ ሌላ ልክ ከተጻፈ እሱን ይከተሉ። ጎሚስታው በእጁ ጨብጦ «በቂ ነው» ቢልዎት አይቀበሉ፤ በመለኪያ ያስለኩ። ሁለት ወር የቆመ ጎማ ያለምንም ቀዳዳ ሊጎድል ይችላል።

ካቴናውን ከታች በኩል መካከሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ቦክሰር ላይ መሸፈኛው የላስቲክ ክዳን ያለው ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ይታያል። 25 ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ ይለኩ፤ አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ከላላ ካቴናውና ጥርሱ አልቀዋል። በጣም የላላ ካቴና ወልቆ የኋላውን ጎማ ይቆልፋል። በጣም የጠበቀው ደግሞ ሰው ሲቀመጥ ይበልጥ ተወጥሮ ኩሺኔታውን ይበላል፤ ብዙ መካኒኮች የሚያበላሹት በዚህ ነው። ሲያጠብቁ በግራና በቀኝ ያለው ምልክት እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ጎማው ጠማማ ይቆማል። ዳዶውን ማጥበቅ አይርሱ።

የፊት ፍሬን መያዣው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር፣ የእግሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ሄዶ ይያዝ። ታምቡሩ ክንድ ላይ ያለችው ቀስት ፍሬን ሲያዝ ከምልክቱ ካለፈች ሸራው አልቋል፤ ሽቦ ማጥበቅ አያድነውም። የኋላ መብራቱ በእጁም በእግሩም ፍሬን መብራቱን ይዩ። የነዳጅ ቧንቧው መክፈቻ ተጠባባቂው ላይ ቆሞ ከሆነ ወደ መደበኛው ይመልሱት፤ አለዚያ ነዳጅ ሲያልቅ የሚተርፍዎ ጠብታ የለም። ሲነሡ ደግሞ የጎን መቆሚያው መታጠፉን በእግርዎ ይዳብሱ። ብዙ አሮጌ ሞተሮች መቆሚያው ሲረሳ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ የላቸውም፤ የተረሳ መቆሚያም የመጀመሪያው የግራ ኩርባ ላይ መሬት ወግቶ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ወድቄ ሄልሜቴ ተፋፍቋል እንጂ አልተሰነጠቀም። ልጠቀምበት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ራስዎ ውስጡ ሳለ መሬት ከመታ አይጠቀሙበት። ሕይወት የሚያድነው የውጭው ቅርፊት ብቻ አይደለም፤ ምቱን የሚውጠው በውስጡ ያለው ነጭ ፎም ነው። ፎሙ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም፣ መጨመቁም ከውጭ አይታይም። ያገለገለ ሄልሜት ገበያ ላይ አይግዙ የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህ ግን ከራስ ላይ ያልወለቀ ሄልሜት ነው።

ሲገዙ ጉንጭዎን ጭምቅ የሚያደርግ ይምረጡ፤ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ሄልሜቱን ሲያንቀሳቅሱት የግንባርዎ ቆዳ አብሮ መሄድ አለበት። ማሰሪያውን ቆልፈው ከኋላ ታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፉት፤ ከወለቀ ሰፊ ነው። ማሰሪያው ሲቆለፍ ከአገጭ በታች ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። በቤንዚንና በቀለም ማቅጠኛ አይጠቡት፤ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።